ማይክሮቲኩ ፋየርዎል ይሆነናል ወይ? ለባህር ዳሯ እህቴ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የምትሠራ፣ መቀበያውንም ኔትወርኩንም ደርባ የያዘች እህት እንዲህ ብላለች፦ «ያለን አንድ ማይክሮቲክ ራውተር ነው። ፋይበሩ ኢተር1 (የራውተሩ የመጀመሪያ የኬብል ቀዳዳ) ላይ ይገባና በፒፒፒኦኢ (በስምና በይለፍ ቃል ከኢንተርኔት አቅራቢው ጋር በሚያገናኝ ዘዴ) ይገናኛል። ፒችትሪ ያለበት የሒሳብ ኮምፒውተር፣ 8 ካሜራ ከነመቅጃው፣ የእንግዶች ዋይፋይ፣ ሁሉም አንድ ኔትወርክ ላይ ነው። ባለቤቱ አዲስ አበባ ሆነው ካሜራውን እንዲያዩ ፖርት 8000 (የካሜራው አገልግሎት የሚገባበት የበር ቁጥር) ከፍተናል። ሎጉ ቀኑን ሙሉ ‹አድሚን› እያሉ ሊገቡ የሚሞክሩ የማናውቃቸውን አድራሻዎች ይመዘግባል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ እንግዳ በሌለበት ማታ እንኳ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። ባለቤቱ ‹እኛን ማን ያውቀናል? ለፋየርዎል የማወጣው ገንዘብ የለኝም› አሉ። ራውተሩን ብቻ እንደ ፋየርዎል መጠቀም ይቻላል? ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ሩል (የፋየርዎል ደንብ) ገልብጬ ኢተር1 ላይ አስገብቼ ነበር፤ ምንም ለውጥ አላየሁም።»

እህቴ፣ አዎ ይቻላል። ያ ራውተር ለእናንተ ዓይነት ቤት ከበቂ በላይ ፋየርዎል፣ ማለትም የሚገባውንና የሚወጣውን የሚመረምር ጠባቂ፣ ይሆናል፤ ባለቤቱን ሌላ ዕቃ ግዙ ብለሽ አታስቸግሪያቸው። ሥራው የሚበላሸው ሰው መጥፎውን እየለቀመ ለማገድ ሲነሳ ነው። ዛሬ አንዱን አድራሻ ታግጃለሽ፣ ነገ ከሌላ አገር አሥር ይመጣል፤ ለቅሞ የጨረሰ ሰው አላየሁም። የምትፈልጊውን ጥቂት ነገር ፍቀጂና የቀረውን ሁሉ ጣዪ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህች አንዲት ሐሳብ የሚወጣ ነው።

የባለቤቱን ቃል ግን ሳልመልስ አላልፍም። «ማን ያውቀናል» የሚለው ሌባው በስም ፈልጎ የሚመጣ ቢሆን ያስኬድ ነበር። እዚህ ግን የእናንተን ስም የሚያውቅ የለም፣ ማወቅም አያስፈልገውም። የአይፒ ቪ4 አድራሻ (የለመድነው የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) በዓለም ላይ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለ ፕሮግራም ሲያወጡ፣ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ጊጋቢት መስመር ይህን ሁሉ አድራሻ በአንድ ፖርት ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማንኳኳት እንደሚቻል አሳይተዋል። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ የዓለም በር ሁሉ ተንኳኩቶ ያልቃል ማለት ነው። ያ በሎግሽ ላይ የምታዪው ማንኳኳት የዚህ ዓይነት ነው፤ ማሽን ነው፣ እናንተን ለይቶ የጠላ ሰው የለም። በሩ ክፍት ሆኖ ካገኘው ግን ይገባል። በ2018 እ.ኤ.አ. የሆነውን ለባለቤቱ ንገሪያቸው፦ በዊንቦክስ (ማይክሮቲክን በምናስተዳድርበት ፕሮግራም) አገልግሎት ላይ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ የራውተሩን ፋይል የሚያስነብብ ክፍተት ተገኘ፤ ማይክሮቲክ በሚያዝያ ወር ማስተካከያውን አወጣ፤ ያንኑ ዓመት ነሐሴ ገደማ ከ200,000 በላይ ራውተሮች ተይዘው ገጽ በሚከፍተው ሰው ኮምፒውተር ላይ የዲጂታል ገንዘብ ሲያስቆፍሩ ተገኙ። ማስተካከያው ወራት ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። የተያዙት ያላደሱት፣ በተለይም የዊንቦክስን ፖርት 8291 ለመላው ዓለም ከፍተው የተዉት ናቸው።

አሁን ወደ ማታው መንቀራፈፍ። ሩል ከመጻፍሽ በፊት አንድ ነገር እዪልኝ። ዊንቦክስ ውስጥ ‹ቱልስ›፣ ከዚያ ‹ቶርች› ክፈቺ፤ ኢንተርፌሱን ‹ፒፒፒኦኢ-አውት1› አድርጊና ‹ስታርት› በዪው። ፖርት የሚለውን ምልክት አድርጊበት። ማታ እንግዳ በሌለበት ሰዓት ከውጭ አድራሻዎች ጋር በዩዲፒ (ከሁለቱ ዋና የመላኪያ ዘዴዎች አንዱ ነው፣ ሌላው ቲሲፒ ነው) ፖርት 53 የሚመላለስ ትራፊክ ከተደረደረ፣ የችግሩን ሥር አግኝተሻል። ራውተራችሁ ለውጭ ሰው የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት) መልስ እየሰጠ ነው። ይህ የሚሆነው በ‹አይፒ›፣ ‹ዲኤንኤስ› ውስጥ ‹አላው ሪሞት ሪኩዌስትስ› የሚለው ምልክት ተደርጎበት ፋየርዎሉ ባዶ ሲሆን ነው። አጥቂው የሌላ ሰው አድራሻ አስመስሎ 60 ባይት ገደማ የምትሆን ጥያቄ ይልክላችኋል፣ ራውተራችሁ ከ3000 ባይት ሊያልፍ የሚችል መልስ ለዚያ ምስኪን ሰው ይተኩሳል። የእናንተ መስመር ሌላውን መምቻ ሆኖ እያለቀ ነው፤ ሒሳቡን የምትከፍሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ምልክቱን አታጥፊው፣ የውስጥ ኮምፒውተሮቹ በራውተሩ በኩል ስለሚጠይቁ እነሱም ይቋረጣሉ። መፍትሔው ፋየርዎሉ ላይ ነው።

ሩል ለመጻፍ እጅሽን ከማንሳትሽ በፊት ግን ‹ሴፍ ሞድ› የሚለውን ቁልፍ ተጫኚ። ዊንቦክስ ላይ ከላይ በስተግራ አለ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ዋጋውን ስለከፈልሁ ነው። ከዓመታት በፊት ዘጌ ላይ የነበረ አንድ ራውተር ባህር ዳር ሆኜ በርቀት አስተካክል ነበር። የምትጥለዋን ሩል አስቀደምሁ፣ እኔን የምትፈቅደውን በሁለተኛነት ላስገባ ነበር። ሁለተኛዋ አልደረሰችም፤ ዊንቦክሱ ተቋረጠ። ዲኤንኤሳቸውም በዚያው ራውተር በኩል ስለነበር እዚያ ያሉት ሰዎች ገጽ መክፈት አቃታቸው። ወሩ ነሐሴ፣ ሰዓቱ አመሻሽ፣ ሐይቁ ማዕበል ነበረው። በማግሥቱ በጠዋቱ ጀልባ ተሻግሬ በኬብል እስክገባ ድረስ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ኢንተርኔት አደሩ። ሴፍ ሞድ በርቶ ቢሆን ግንኙነቱ ሲቋረጥ ራውተሩ ያደረግሁትን ሁሉ በራሱ ይመልሰው ነበር። ወዲያው አይመልስም፤ መቋረጡን እስኪያረጋግጥ እስከ 9 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፣ ስለዚህ ደንግጠሽ ሪሴት እንዳትጫኚ። ሌላው ደግሞ፣ በአንድ ሴፍ ሞድ ውስጥ ብዙ ለውጥ አትከምሪ። ለውጡ ከ100 ካለፈ ሴፍ ሞድ በራሱ ይጠፋና የሚመልስልሽ የለም። ጥቂት ሥሪ፣ መሥራቱን አረጋግጪ፣ ሴፍ ሞዱን ልቀቂው፣ እንደገና ያዢው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ‹ባክአፕ› ወስደሽ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተርሽ አውርጂ።

የማይክሮቲክ ፋየርዎል ሦስት መስመር አለው፤ ለእናንተ ሁለቱ ይበቃሉ። ‹ኢንፑት› ወደ ራውተሩ ራሱ የሚመጣው ነው። ‹ፎርዋርድ› ራውተሩን አቋርጦ የሚያልፈው ነው፤ እንግዳው ዩቲዩብ ሲያይ በዚህ ነው የሚሄደው። ብዙ ሰው ኮምፒውተሮቹን ለመጠበቅ ወደ ፎርዋርድ ይሮጣል። እኔ ሁልጊዜ ከኢንፑት እጀምራለሁ። ራውተሩ ከተያዘ ከኋላው የጻፍሽው ሩል ሁሉ በያዘው ሰው እጅ ነው፤ በአንድ ጠቅታ ያጠፋዋል።

ኢንፑት ላይ የመጀመሪያዋ ሩል ‹ኢስታብሊሽድ› እና ‹ሪሌትድ› የሆነውን ግንኙነት ትፍቀድ። ይህቺን በደንብ እንድትረጂያት እፈልጋለሁ፤ ራውተርን ተራ ማጣሪያ ከመሆን አውጥታ ፋየርዎል የምታደርገው እሷ ናትና። ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ አስቢ። ጠዋት ስምንት ሰው ይዞ ወጥቷል፤ ከሰዓት ሊመልሳቸው ሲመጣ እያንዳንዳቸውን በመልክ ስለሚያውቅ «ማን ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ዘጠነኛ ሰው ልሳፈር ካለ ግን ያኔ ይጠይቃል። ራውተሩም ከውስጥ ተነስቶ የወጣውን ግንኙነት በማስታወሻው ይይዛል፣ መልሱ ሲመጣ ሳይጠይቅ ያስገባዋል። ያልተጠራ ፓኬት (ዳታ ተቆራርሶ የሚላክበት ጥቅል) ‹ኒው› ተብሎ ወደሚቀጥሉት ሩሎች ይወርዳል። ይህ ማስታወሻ ባይኖር ኖሮ የመልስ ፓኬት እንዲገባ ብለሽ ብዙ ፖርት ክፍት መተው ነበረብሽ። ሲስኮ ራውተር ያላቸው ወዳጆቼ በአክሰስ ሊስት ላይ ‹ኢስታብሊሽድ› የምትለውን ቃል አይተው አንድ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ እሷ የቲሲፒ ፓኬቱ ላይ ያለውን ምልክት ብቻ ነው የምታየው፣ ምልክቱን ደግሞ ማንም አስመስሎ ሊልክ ይችላል። እነሱ ዘንድ ጥሩው ነገር በሊስቱ መጨረሻ ላይ ሳይጻፍ የሚሠራ «የቀረውን ከልክል» መኖሩ ነው። ማይክሮቲክ ላይ እሱ የለም። ፋየርዎሉ ባዶ ከሆነ፣ ወይም ከሩሎቹ አንዱም ካልገጠመው፣ ሁሉም ይገባል።

ሁለተኛዋ ሩል ‹ኢንቫሊድ› የሆነውን (ከየትኛውም የታወቀ ግንኙነት ጋር የማይገጥመውን) ትጣል። ሦስተኛዋ አይሲኤምፒን፣ ማለትም ፒንግና የስህተት መልእክቶች የሚመላለሱበትን፣ ትፍቀድ። ፒንግን መዝጋት ጀብዱ የሚመስላቸው አሉ። በፒፒፒኦኢ መስመር ላይ ትልቁ ፓኬት 1492 ባይት ነው፣ ከተለመደው 1500 በ8 ያንሳል፤ «ፓኬቱ በዝቷል፣ አሳንሰህ ላክ» የሚለው መልእክት የሚመጣው በአይሲኤምፒ ነው። እሱን ከላይ ጥርቅም አድርገሽ ከዘጋሽው አንዳንዱ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ግማሹ መጥቶ ይንጠለጠላል፤ ምክንያቱን ስትፈልጊ ቀናትሽ ያልቃሉ።

ቀጥሎ ራውተሩን ማስተዳደር ለሚችለው ኮምፒውተር ብቻ ፖርት 8291ን ፍቀጂ። የመቀበያው ኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ ይኑረውና በ‹አድሬስ ሊስት› ውስጥ ‹አስተዳዳሪ› ብለሽ መዝግቢው። ከውስጥ ለሚመጡት፣ እንግዶችንም ጨምሮ፣ ዲኤንኤስን በፖርት 53፣ ዲኤችሲፒን (ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ የሚያድለውን) በዩዲፒ 67 ፍቀጂ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ «ከውስጥ ለሚመጡት» የምትለው ቃል በሩሏ ውስጥ በኢንተርፌስ ሊስት (በራውተሩ በሮች ዝርዝር) መጻፍ አለባት፤ እሷን ከረሳሽ ፖርት 53ን እንደገና ለዓለም ከፈትሽው። የመጨረሻዋ ሩል ምንም ሁኔታ የሌላት ‹ድሮፕ› ናት። ባዶ ናት፣ የደረሰባትን ሁሉ ትጥላለች። በስተመጨረሻ የምትገባው እሷ ናት፤ ከዚያ በኋላ የምትጨምሪው ፈቃድ ሁሉ ከእሷ በላይ መጎተት አለበት። ራውተሩ ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ የገጠመችው የመጀመሪያ ሩል ላይ ፍርድ ሰጥቶ ያቆማል።

የገለበጥሽው ሩል ለምን ለውጥ እንዳላመጣ አሁን ግልጽ ሊሆንልሽ ይገባል፤ ኢተር1 ላይ አስገባሁት ብለሻል። ኬብሉ የተሰካው ኢተር1 ላይ ነው፣ እውነት ነው። ግን የኢንተርኔቱ ፓኬት በፒፒፒኦኢ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ ራውተሩ መጠቅለያውን ፈትቶ ሲያበቃ ለፋየርዎሉ የሚያቀርበው በ‹ፒፒፒኦኢ-አውት1› እንደገባ አድርጎ ነው። ሩልሽ ሰው የማያልፍበት በር ላይ ቆማለች። ይህን በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ፦ በፋየርዎል መስኮቱ ውስጥ ከየሩሉ ጎን ‹ፓኬትስ› የሚል ዓምድ አለ። ሎጉ በየደቂቃው እየጮኸ የእሷ ቁጥር 0 ላይ ተቸንክሮ ካገኘሽው ጉዳዩ ይኸው ነው። ይህን ስህተት በብዙ ቤት አይቻለሁ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ዓመት ሙሉ «ፋየርዎል አለን» ሲል ቆይቶ ስገባ የድሮፕ ሩሎቹ ቆጣሪ በሙሉ ዜሮ ነበር። ሩል ከጻፍሽ በኋላ ቆጣሪዋን ሳታዪ ሠርቷል አትበዪ።

ለዚህም ነው ‹ከውጭ የመጣውን ጣል› ከሚለው ‹ከውስጥ ያልመጣውን ጣል› የሚለውን የምወደው። ነገ የሞባይል ዳታ ሞደም ተጠባባቂ አድርጋችሁ ብትጨምሩ፣ የመጀመሪያው አጻጻፍ አዲሱን በር ይረሳዋል፤ ሁለተኛው አይረሳውም። ማይክሮቲክ ራሱ ለቤትና ለትንሽ ቢሮ በሚሠራቸው ራውተሮች ላይ ከፋብሪካው የሚጭነው ፋየርዎል ኢንፑቱን በዚህ መንገድ ነው የሚያጥረው። ያሳዝነኛል፣ በእኛ አገር የለመድነው ግን አዲስ ራውተር እንደተከፈተ ‹ሪሙቭ ኮንፊግሬሽን› ብሎ ያንን ሁሉ ማጥፋት ነው። ሰው ቀልጣፋ መስሎት ጥሩውን አጥር አፍርሶ ባዶ ግቢ ላይ ሥራ ይጀምራል። የፋብሪካው ሩሎች በእናንተ ራውተር ላይ ካሉ አትንኪያቸው፤ ‹ፒፒፒኦኢ-አውት1›ን በኢንተርፌስ ሊስት ውስጥ ‹ዋን› (የውጭ በሮች ዝርዝር) ላይ መኖሩን አረጋግጪ፣ ከዚያ የኔን ጭማሪዎች በመካከላቸው አስገቢ። ትልልቆቹ የማይክሮቲክ ራውተሮች ግን ከፋብሪካ ያለ ፋየርዎል ነው የሚመጡት፤ በስማቸው ትልቅነት መተማመን የለም።

ፎርዋርድ ላይ ስትደርሺ መጀመሪያ እንግዶቹን ከቤተሰቡ ለዪ። አሁን ባላችሁበት ሁኔታ 12 ቁጥር ክፍል ያረፈ ሰው ላፕቶፑ ላይ ያለው ቫይረስ የፒችትሪውን ኮምፒውተር በስሙ ጠርቶ ሊያናግረው ይችላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ግንቦት ላይ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተዛመተው ልክ እንዲህ ነው፣ በፖርት 445 ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር፣ ማንም ምንም ሳይከፍት። ስለዚህ ለእንግዶች ሌላ ብሪጅ (በራውተሩ ውስጥ ፖርቶችን የሚያገናኝ ቡድን)፣ ሌላ የአድራሻ ክልል ስጪ፤ ቢሮው በ192.168.88 ላይ ካለ እንግዶቹን 192.168.50 ላይ አድርጊያቸው። ካሜራዎቹንም ብትችዪ ለብቻቸው አውጪ። ሩሎቹ አጭር ናቸው፦ ኢስታብሊሽድና ሪሌትድ ይለፍ፣ ኢንቫሊድ ይጣል፣ ከቢሮ ወደ ኢንተርኔት ይለፍ፣ ከእንግዳ ወደ ኢንተርኔት ይለፍ፣ የቀረው ይጣል። ከእንግዳ ወደ ቢሮ የሚል እገዳ መጻፍ እንኳ አላስፈለገሽም፤ አልተፈቀደምና በመጨረሻዋ ሩል ይወድቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሰው ያደናግራል። አንደኛው ‹ፋስትትራክ› ነው። የፋብሪካው ሩል ውስጥ ካለ ፍጥነት ይጨምራል፣ ነገር ግን በእሱ የሚያልፈው ትራፊክ የ‹ሲምፕል ኪው› የፍጥነት ገደብን ይዘላል። ለእንግዳ በየሰው 5 ሜጋ ብለሽ ወስነሽ ገደቡ አልሠራ ካለሽ ፋስትትራኩን አጥፊው፤ ለእናንተ መጠን ራውተሩ ያለ እሱ ይችለዋል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፦ ራውተሩ ሊያግድ የሚችለው በራሱ በኩል የሚያልፈውን ብቻ ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ተራ ስዊች ላይ ተሰክተው እርስ በርስ ሲነጋገሩ ፓኬቱ ራውተሩ ጋር ለፍርድ አይቀርብም። የእንግዶቹ የዋይፋይ ማሰራጫና የሒሳብ ኮምፒውተሩ ከአንድ ርካሽ ስዊች ከወጡ፣ ወረቀት ላይ የለየሻቸው መሬት ላይ አልተለያዩም። የእንግዶቹ ኬብል በራውተሩ በአንድ ፖርት፣ የቢሮው በሌላ ፖርት ይግባ። ቪላን (በአንድ ኬብል የተለያዩ ኔትወርኮችን ለይቶ የማስተላለፍ ዘዴ) የሚችል ስዊች ካላችሁ በአንድ ኬብልም ይቻላል። እንግዳ ከእንግዳ እንዳይተያይ ደግሞ ማሰራጫው ራሱ ላይ የተጠቃሚዎች መለያውን አብሪው።

ካሜራው ላይ ከባለቤቱ ጋር ትንሽ መከራከር ሊኖርብሽ ነው። ፖርት 8000 መዘጋት አለበት። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን የያዘው በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን ከፋብሪካ በመጣ የይለፍ ቃላቸው በመግባት ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት የጠፉት በእነዚህ መሣሪያዎች ጥቃት ነው። ካሜራ መቅጃ ማለት አምራቹ ከሸጠው በኋላ እምብዛም የማያድሰው ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ፊት ለፊት ለዓለም የሚቆም ዕቃ አይደለም። የራውተራችሁ ሶፍትዌር ስሪት 7 ከሆነ ‹ዋየርጋርድ› አለው። በእሱ የባለቤቱ ስልክ ወደ ቤቱ ኔትወርክ የሚገባበት የተመሰጠረ መንገድ ትሠሪላቸዋለሽ፤ ኢንፑት ላይ የምትከፍችው አንድ የዩዲፒ ፖርት ብቻ ነው፣ ሳትቀይሪው ከተውሽው 13231 ነው። ፎርዋርድ ላይም ከዋየርጋርዱ ወደ ካሜራ መቅጃው ብቻ የምትፈቅድ አንዲት ሩል ከመጨረሻዋ ድሮፕ በላይ ጨምሪ። ትክክለኛው ቁልፍ ለሌለው ያ ፖርት መልስም አይሰጥም፣ ያለ አይመስልም። ባለቤቱ በፖርት 8000 በቀጥታ ማየት ከቻሉ አድራሻችሁ ከውጭ የሚደረስ ነው፣ ዋየርጋርዱም ይሠራል። ‹ፒፒፒኦኢ-አውት1› ላይ ያለው አድራሻ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ግን ከውጭ በቀጥታ አይደረስባችሁም፤ ያኔ ከአቅራቢው ፐብሊክ አድራሻ መጠየቅ ይኖርባችኋል። ስልካቸው ላይ አንዴ ካስገባሽላቸው በኋላ የሚጫኑት አንዲት ቁልፍ ናት፤ ይህን አሳዪያቸው፣ ክርክሩ ያልቃል።

ኤንኤቲ (ብዙ ኮምፒውተር በአንድ የውጭ አድራሻ እንዲወጣ የሚያደርገው ዘዴ) ስላለን ተሰውረናል የሚል ሰው ካጋጠመሽ፣ ኤንኤቲ የተሠራው አድራሻ ለመቆጠብ እንደሆነ ንገሪው። ከኋላው ያሉትን ኮምፒውተሮች በአጋጣሚ ይጋርዳል እንጂ ራውተሩን ራሱን አይጋርድም፤ አይፒ ቪ6 (አዲሱ የአድራሻ ዓይነት) ከበራ ደግሞ መጋረጃው ጨርሶ የለም። አይፒ ቪ6 የራሱ የፋየርዎል መስኮት አለው፤ ካልተጠቀማችሁበት አጥፊው።

ከፋየርዎሉ ጎን ለጎን ‹አይፒ›፣ ‹ሰርቪስስ› ገብተሽ ቴልኔት፣ ኤፍቲፒ፣ ኤፒአይና የማትጠቀሚባቸውን ሁሉ አጥፊ። ‹አድሚን› የሚለውን ተጠቃሚ በሌላ ስም ተኪና እሱን ሰርዢው። ሲስተሙን አድሺ። ራውተሩ ላልሽው ማንኳኳት ለረጅም ጊዜ ያለ ፋየርዎል ተጋልጦ ስለቆየ ግን አንድ ነገር በጥንቃቄ መርምሪ፦ ‹ዩዘርስ› ውስጥ የማታውቂው ስም፣ ‹ስክሪፕትስ› እና ‹ስኬጁለር› ውስጥ ያልጻፍሽው ነገር፣ በርቶ የተገኘ ‹ሶክስ› ወይም ‹ዌብ ፕሮክሲ›፣ ያላስገባሽው የዲኤንኤስ አድራሻ። ከእነዚህ አንዱን ካገኘሽ ለማጽዳት አትሞክሪ። በ‹ኔትኢንስቶል› ሲስተሙን ከባዶ ጫኚውና እንደገና በእጅሽ ሥሪው፤ የድሮውን ባክአፕ መልሰሽ ከጫንሽ ሌባውንም አብረሽ ትመልሺዋለሽ።

ለሎጉ ሰዓት አስተካክዪለት። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ባትሪ የሌለው ራውተር ሰዓቱን ይስታል፤ 1970 ብሎ የጻፈ ሎግ ምስክር አይሆንሽም። የኤንቲፒ ደንበኛውን (ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን) አብሪው፣ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ በዪው። ሎጉ 20:00 ሲል በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑን ለሌሎቹ ሠራተኞችም ንገሪያቸው፤ በዚህች ልዩነት የማይገናኝ ነገር ሲያገናኙ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ራውተሩ የማይችለው አለ። የተመሰጠረ ገጽ ውስጥ ምን እንዳለ አያይም፤ ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛዋ በኢሜይል የመጣላትን የሐሰት ደረሰኝ ከከፈተች አያድናትም። በፍላሽ የሚመጣውንም አያውቅም። የፒችትሪው ዳታ በየቀኑ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልበጥ፣ ዲስኩም ተነቅሎ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ፌስቡክን በቃል እየፈለገ የሚያግድ ሩል ጫኚ ብለው ቢመክሩሽ አትስሚ፤ የራውተሩን ጉልበት ይበላል እንጂ ገጹ ከተመሰጠረ ቆይቷል።

ስትጨርሺ ከውጭ ሆነሽ ፈትሺው። ከዋይፋይ ውጪ፣ በስልክሽ የሞባይል ዳታ ላፕቶፕ አገናኝተሽ ‹ኤንማፕ› በሚባለው ፕሮግራም የራሳችሁን አድራሻ 22፣ 23፣ 53፣ 80፣ 8000 እና 8291ን ጠይቂ፤ 53ን በዩዲፒም ጭምር። በቲሲፒ የጠየቅሻቸው ሁሉ ‹ፊልተርድ› ማለት አለባቸው። የዩዲፒ 53 መልስ ‹ኦፕን ኦር ፊልተርድ› ቢልሽ አትደንግጪ፣ መልስ አልመጣም ማለት ነው፤ ‹ኦፕን› ብቻ ካለ ግን በሩ አሁንም ክፍት ነው። ያኔውኑ ወደ ዊንቦክስ ተመልሰሽ የኢንፑትን የመጨረሻ ሩል ቆጣሪ እዪ፤ ስትጠይቂ አብሮ መቁጠር አለበት። ማታ ደግሞ ቶርቹን ክፈቺና ፖርት 53 ላይ ያለውን ተመልከቺ። ጥያቄዎቹ ከውጭ መምጣታቸውን ለቀናት ላያቆሙ ይችላሉ፣ ወደ ውጭ የሚሄደው መልስ ግን መቆም አለበት። ካልቆመ የኢንፑት ሩሎችሽን በቅደም ተከተላቸው፣ ከነቆጣሪያቸው፣ የይለፍ ቃልና ፐብሊክ አድራሻውን አውጥተሽ ጻፊልኝ፤ አንድ በአንድ አብረን እናያቸዋለን።